"ናይስ" ድሮ "ቂል" ማለት ነበር? የእንግሊዝኛ ቅጽል ታሪክ ራሳችሁ እንዴት ታጣራላችሁ

በየጊዜው ተመልሶ የሚመጣ ፖስት አለ፣ "ናይስ ማለት እኮ ቂል ማለት ነው፣ ናይስ ነህ ያለህ ሰው ሰድቦሃል" የሚል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ወሬ። የትኛው ግማሽ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደሞ የቋንቋ ምሁር መሆን አይጠበቅባችሁም፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክና ትንሽ ትዕግስት ካላችሁ ይበቃል። እኔ የማጣራበትን መንገድ እዚሁ "ናይስ" ላይ እየሞከርን ላሳያችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ ኢቲምኦንላይን የሚባለውን ሳይት ክፈቱ። ዳግላስ ሃርፐር የሚባል ሰው የጀመረው የቃላት አመጣጥ መዝገበ ቃላት ነው፣ በነፃ ታነቡታላችሁ። እዛ ላይ "ናይስ" ከላቲኑ "ኔስኪዩስ" እንደመጣ ታገኛላችሁ፣ "ኔ" አፍራሽ ነው፣ "ስኪሬ" ማወቅ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ "የማያውቅ" ይሆናል። ሳይንስ የሚለው ቃልም ከዛው ከ"ስኪሬ" ነው የወጣው፣ ስለዚ ናይስና ሳይንስ የሥጋ ዘመዶች ናቸው ማለት ነው፣ ማን ይገምታል! ከዛ ቃሉ በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል አለፈ፣ እዛ ቂል፣ ሞኝ ማለት ነበር፣ በ1200ዎቹ መጨረሻ አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም ይሄንኑ ይዞ ገባ። ስፔንኛ ውስጥ ያለው ዘመዱ "ኔሲዮ" እስከዛሬ ቂል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ፖስቱ ልክ ነው፣ ችግሩ ሰው እዚህ ጋ ስክሪንሹት አንስቶ ይወጣል።

እናንተ ግን ወደታች ውረዱ። በ1300ዎቹና በ1400ዎቹ ቃሉ ቀበጥ፣ ዓይናፋር፣ ነገር ቶሎ የማይጥመው መራጭ፣ ስስ የሆነ ነገር፣ ሁሉንም ሲሆን ታያላችሁ፣ በ1500ዎቹ ደሞ ጥንቁቅና ጥቃቅን ነገር የሚለይ ሆነ፣ "ደስ የሚል" የሚለው በ1769 ይመጣል፣ ሰው ላይ ተነግሮ "ደግ" የሚለው በ1830። ቂል ከመባል ደግ እስከመባል ዘሎ የተሻገረ እንዳይመስላችሁ። ዋናውን ሰንሰለት ያዙ፦ መራጭ የሆነ ሰው ልዩነት ይለያል፣ ልዩነት የሚለይ ሰው ጥንቁቅ ነው፣ ጥንቁቅ ሰው የመረጠው ነገር ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነገር ደስ ይላል። እያንዳንዷ እርምጃ ትንሽ ናት፣ ጠቅላላው መንገድ ነው ረጅም። እና አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ወዲያው አይሞትም፣ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ የ1500ዎቹንና የ1600ዎቹን ጽሑፍ ስታነቡ ጸሐፊው የትኛውን "ናይስ" እንዳሰበ ቁርጡን መናገር ከባድ የሚሆነውም ለዚ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ መዝገበ ቃላት ላይ ያለች ዓመተ ምሕረት ቃሉ የተወለደበት ቀን አይደለችም። እስካሁን በጽሑፍ የተገኘችው የመጀመሪያዋ ማስረጃ ናት። 1769 ሲል ሰው በአፉ ከዛ በፊት ሲለው አልነበረም ማለት አይደለም፣ ነገ ሌላ አሮጌ ደብዳቤ ከተገኘ ዓመቷ ወደኋላ ትሄዳለች።

ቀጥሎ ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት። ሐሳቡ በለንደን የፊሎሎጂ (የቋንቋ ጥናት) ማኅበር በ1857 ተነሳ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታተመ፣ ያለቀው በ1928 ነው፣ ለረጅም ዘመን ያዘጋጀው ጄምስ መሪ መጨረሻውን ሳያይ በ1915 ሞተ። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ በየትርጉሙ ሥር ከመጻሕፍት የተለቀሙ ዓረፍተ ነገሮችን በዘመን ቅደም ተከተል ይደረድራል፣ ብዙዎቹን ተራ አንባቢዎች በትናንሽ ወረቀት እየጻፉ የላኩለት ናቸው። ኦንላይን ያለው በክፍያ ነው፣ ግን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው ይከፍቱታል፣ የድሮው እትም ስካን ደሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ሳይት ላይ በነፃ አለ።

እዛ ስትገቡ ትርጉሙን አንብባችሁ አትውጡ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቡ። ቅጽል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ከኋላው የተከተለውን ስም እዩ። "ናይስ" ከ"ዲስቲንክሽን" ወይም ከ"ፖይንት" ጋር ከመጣ ስውር፣ ረቂቅ፣ በጥንቃቄ ካላዩት የሚያመልጥ ልዩነት ማለት ነው፣ ይሄኛው አሁንም አልሞተም፣ ሕግና ፍልስፍና የሚጽፉ ሰዎች ጋ ታገኙታላችሁ። ከአየር ጠባይ ወይም ከምግብ ጋር ከመጣ ደስ የሚል ነው። ስሙ ሲቀየር ትርጉሙ የት እንደተንሸራተተ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ለኔ ከጠቅላላው ሥራ ጣፋጩ ይሄ ነው።

የሳሙኤል ጆንሰንን የ1755 መዝገበ ቃላትም ተመልከቱ፣ ኦንላይን ላይ በነፃ አለ። እሱ ጋ "ናይስ" መጀመሪያ የሚፈታው እስከ ጥቃቅኑ ድረስ በትክክል የሚመዝን፣ ከልክ በላይ ጥንቁቅ ተብሎ ነው። በዛ ዘመን የተማረ ሰው ጆሮ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ይሄ ነበር።

አሁን ፖስቱን የሚለጥፉት ሰዎች ቢያዩት የምለው ነገር። የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን ልብ ወለድ "ኖርዝአንገር አቢ" በ1817 መጨረሻ ነው የወጣው፣ እዛ ውስጥ ሄንሪ ቲልኒ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ካተሪንን ናይስ፣ ናይስ ስላለች ያሾፍባታል፣ ድሮ ቃሉ ለንጽሕና፣ ለጨዋነትና ለረቂቅ ስሜት ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ አሁን ግን ሙገሳ ሁሉ እሱ ውስጥ ገባ እያለ። ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ግን "ድሮ" ያለው ድሮ ራሱ መሃል መንገድ ላይ ያለ ትርጉም ነው፣ ከሱ በፊት ቂል ነበረ! "ትክክለኛው ትርጉም የመጀመሪያው ነው" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው አያቱ ጋ ነው። እና መጀመሪያው ጋ ብንደርስስ? አሁን ናይስ ያለህ ሰው የላቲን ሥር ሊሰድብህ አልፈለገም፣ ቃል ማለት የሚናገሩት ሰዎች የተግባቡበት ነው በቃ።

ከዛ ጎግል ኤንግራም ቪወር አለ፣ ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ውስጥ ቃሉ በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደመጣ በግራፍ ያሳያል። ትርጉም አያውቅም፣ ቆጣሪ ነው። ግን "ናይስ" ጽፋችሁ ክፍት ቦታና ኮከብ ምልክት ብታስከትሉ በብዛት የሚከተሉትን አስር ቃላት ያወጣላችኋል፣ አንዴ ለ1700ዎቹ አንዴ ለ1900ዎቹ አድርጉና አወዳድሩ። ወጥመዶቹ ግን ብዙ ናቸው። በትልቅ ፊደል የጀመረው "ናይስ" ፈረንሳይ አገር ያለችው ከተማ ኒስ ልትሆን ትችላለች፣ በእንግሊዝኛ ፊደላቸው አንድ ነው። የድሮ ጽሑፍ ላይ ደሞ በ"አይ" ፋንታ "ዋይ" አድርገው ይጽፉታል፣ እሱንም ካልፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።

በራሳችሁ ለመጀመር "ሲሊ"ን ውሰዱ፣ "ናይስ" ወደላይ ሲወጣ እሱ የወረደ ነው፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ደስተኛ፣ የተባረከ ማለት ነበር፣ ከዛ የዋህ፣ ከዛ የሚያሳዝን ምስኪን፣ በ1500ዎቹ መጨረሻ ቂል። የጀርመንኛው ዘመዱ "ዜሊግ" አሁንም ብፁዕ ማለት ነው። "ሳድ"ም ደስ ይላል፣ መነሻው የጠገበ ማለት ነው፣ ጥጋብ እኛ ጋ ወደ ትዕቢት ሄደ፣ እነሱ ጋ ወደ ሐዘን። "ሲሊ" ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እስከ 1800 አካባቢ በሕትመት ላይ የነበረው ረጅሙ "ኤስ" የሚባለው የድሮ የፊደል ቅርጽ "ኤፍ" ስለሚመስል ኮምፒውተሩ "ፊሊ" ብሎ ያነበዋል፣ ሁለቱንም ፈልጉ፣ እና "ፊሊ" የሚለው ቃል ሴት የፈረስ ግልገል ስለሆነ ስካን የተደረገውን ገጽ ራሱን ከፍታችሁ ሳታዩ አትቁጠሩት።