የውል አስተዳዳሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የውል አስተዳዳሪ ሥራ የሚጀምረው ውሉ ተፈርሞ፣ ሰው ተጨባብጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከተለያየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ምን በስንት ቀን ማድረግ እንዳለበት፣ ማን ሳያደርግ እንደቀረ፣ ማስረጃውም የት ፋይል ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ሙያ ሰው የሚወድቀው ሕግ ባለማወቅ እምብዛም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ወይ ቀን አሳልፎ ወይ ሳይጽፍ ቀርቶ ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከግንባታ ውል ናቸው፤ ሥራው እዚያ ላይ ጥብቅ ስለሆነ። የዕቃ ወይም የአገልግሎት ውል የያዘ ሰውም ግን ብዙውን ያውቀዋል።

ውሉን ችግር ሲመጣ ብቻ መክፈት

“ፊዲክ ነው አይደል? አውቀዋለሁ” የሚል ሰው ያስፈራኛል። ፊዲክ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተ የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። የሚያወጣቸው የውል ቅጾች ደግሞ አንድ ሁለት አይደሉም። ቀይ መጽሐፍ የሚባለው ብቻ የ1999 እትሙ 20 አንቀጾች ሲኖሩት፣ የ2017ቱ 21 አለው። በዚያ ላይ በቅጹ የታተሙትን አጠቃላይ ሁኔታዎች፣ ለየፕሮጀክቱ የሚጻፉት ልዩ ሁኔታዎች ይሽሯቸዋል። አጠቃላዩ 28 ቀን ያለውን ልዩው 14 ቀን አድርጎት ሊሆን ይችላል። ይህን የማያይ ሰው ባለፈው ፕሮጀክት ውል የዘንድሮውን ፕሮጀክት ያስተዳድራል።

ሰነዶች ሲጋጩም እንዲሁ። በ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 1.5 መሠረት ስፔሲፊኬሽኑ፣ ማለትም የሥራውን ዓይነትና ጥራት የሚዘረዝረው ሰነድ፣ ከንድፉ ይቀድማል። ልዩ ሁኔታዎቹ ከአጠቃላዩ ይቀድማሉ። የእርስዎ ውል ቅደም ተከተሉን ቀይሮት እንደሆነ ግን ከማንም ሳይጠይቁ ራስዎ ገልጠው ይዩ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ። ምን ሲከሰት፣ ማን፣ በስንት ቀን፣ ከመቼ ጀምሮ ተቆጥሮ፣ ቢያልፍስ ምን ይከተላል። “ከመቼ ጀምሮ” የምትለዋን አምድ አይዝለሏት። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን መቁጠርና ከደረሰበት ቀን መቁጠር የተለያየ ነገር ነው።

የማሳወቂያ ደብዳቤን እንደ ጠብ መቁጠር

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚያስቀረው ስህተት ይኸ ነው። ኮንትራክተሩ መዘግየት ገጥሞታል፤ የጊዜ ማራዘሚያና የካሳ ጥያቄ፣ በሥራው ቋንቋ ክሌም፣ ሊያቀርብ ይችላል። አለቃው ግን “አሁን ደብዳቤ ብንጽፍ ግንኙነታችን ይሻክራል፣ መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን” ይላል። መጨረሻ ላይ የሚነጋገረው ሰው ሌላ ይሆናል። ያኔ ቃል የገባው የአሠሪው አማካሪ መሐንዲስ ተቀይሯል፣ አዲሱ ደግሞ የሚያውቀው ፋይሉን ብቻ ነው።

ቀኑን እንቁጠረው። ንድፍ ዘግይቶ ሥራ እንደቆመ ኮንትራክተሩ ያወቀው መጋቢት 1 ነው እንበል። በ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 መሠረት ማሳወቂያውን ባወቀ ወይም ማወቅ ይገባው በነበረ በ28 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ስለዚህ እስከ መጋቢት 29 ነው። ዝርዝር ክሌሙ በ42 ቀን፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 13 ይቀርባል። የ2017ቱ እትም ዝርዝሩን ወደ 84 ቀን አራዝሞታል። ማሳወቂያውን ግን 28 ቀን ላይ ትቶታል። ያ ቀን ካለፈ በአንቀጹ መሠረት የጊዜ ማራዘሚያ የለም፣ ተጨማሪ ክፍያም የለም። ጥያቄው የቱንም ያህል እውነት ቢሆን! በሌላው የታወቀ ቅጽ፣ በኤንኢሲ፣ ደግሞ ኮንትራክተሩ የካሳ ምክንያት የሆነውን ነገር በ8 ሳምንት ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ልዩነቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማሳወቅ የነበረበት ጉዳይ ሲሆን ነው።

ሰዎች ማሳወቂያ የሚያዘገዩበት ሌላው ምክንያት ስሌቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። አይጠብቁ። ማሳወቂያ ስሌት አይፈልግም። ምን እንደተከሰተ፣ መቼ እንደታወቀ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ፣ ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል።

ግንኙነቱ እንዳይሻክር ከፈሩ አስቀድመው ስልክ ይደውሉ። “ደብዳቤ እየላክሁልዎት ነው፣ ውሉ ስለሚያስገድደኝ ነው፣ እንዳይከፋዎት” ማለት ነውር የለውም። ልምድ ያለው አማካሪ መሐንዲስ በዚህ አይቀየምም። እሱም የራሱን ቀን እየቆጠረ ነው። በ2017ቱ እትም ማሳወቂያው ዘግይቷል ብሎ ካመነ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ መግለጽ አለበት። ዝም ካለ ማሳወቂያው እንደ ትክክለኛ ይቆጠራል። ስለዚህ በአሠሪው ወይም በአማካሪው በኩል የሚሠሩ ከሆነም ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አያዋጣም።

በቃል ትዕዛዝ መሥራት

ሳይት ላይ “ይኼን ግድግዳ ወደዚያ አድርጉት” ይባላል። ይደረጋል። ሂሳብ ሲጠየቅ “ማን አዘዘ?” ይመጣል። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

መውጫው ቀላል ነው፣ ግን ፍጥነት ይፈልጋል። በ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 3.3 ኮንትራክተሩ የቃል ትዕዛዙን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠና መሐንዲሱም ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ማረጋገጫው ራሱ የጽሑፍ ትዕዛዝ ይሆናል። “በዛሬው ዕለት በሳይት ጉብኝት ወቅት በቃል ያዘዙንን እንደሚከተለው እናረጋግጣለን” የምትል አንዲት ደብዳቤ ብዙ ሥራ ትሠራለች።

የቴሌግራምና የዋትስአፕ ነገርም አለ። መልእክቱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ውሉ ማሳወቂያ የሚደርስበትን መንገድ ዘርዝሮ እነዚህን ካልጠቀሰ ግን ማሳወቂያ አይሆንም። ተወያዩበት፣ ተስማሙበት፣ ከዚያ በደብዳቤ ይላኩት።

መዝገብን በኋላ ማሰናዳት

ክሌም ሲመጣ ያለፈውን ስድስት ወር የሳይት ማስታወሻ በአንድ ሌሊት የሚጽፍ ሰው አለ። ይታወቃል። ብዕሩ አንድ ዓይነት ነው፣ አየሩ ሁልጊዜ ፀሐያማ ነው፣ የሠራተኛው ቁጥርም አይለወጥም።

ጥሩ መዝገብ በዕለቱ የተያዘ ነው። ስንት ሠራተኛ መጣ፣ የትኛው ማሽን ሠራ፣ የትኛው ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ ዝናብ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ዘነበ። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ግማሽ ማስረጃ ነው። ቃለ ጉባኤ ሲደርስዎ ያላሉትን ካለብዎ ወይም ያሉትን ከተወ፣ ያኔውኑ በጽሑፍ ያርሙ። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ “ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጸድቋል” ከተባለ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ሳይቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ፋይሉን ብቻ አንብቦ ነገሩን ይረዳዋል ወይ?

ዋስትና መርሳት

የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና፣ ኢንሹራንስ፤ ሁሉም ማብቂያ ቀን አላቸው። ሥራ ሲዘገይ ዋስትናው ቀድሞ ያልቃል። ስልክዎ ላይ ከ60 እና ከ30 ቀን በፊት የሚጮህ ማስታወሻ ይሙሉ። ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

በንዴት መጻፍ

“በሚያሳዝን ሁኔታ፣ እንደተለመደው ቸልተኝነታችሁ...” ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ የጻፈውን ለአንድ ከሰዓት ደስ ያሰኘዋል። በኋላ ግን ግልግል ዳኛ ፊት ይነበባል። ቅጽሉን ያውጡት፣ ቀኑንና አንቀጹን ያስገቡ። ክፍያ የሚያረጋግጠው ወገን ላይ ከሆኑ ደግሞ ደመወዝ የሚከፍልዎ አሠሪው ቢሆንም ውሉ ሚዛናዊ ውሳኔ የሚጠብቅብዎት ቦታ አለ። የሚገባውን ክፍያ በመከልከል አሠሪውን የረዱ የሚመስላቸው ሰዎች፣ የዘገየ ክፍያ ወለድ ሲመጣ ያፍራሉ።

ሠንጠረዥና ልኬት መሸሽ

ወደ ሙያ ዕድገቱ ስመጣ፣ ብዙዎችን መንገድ ላይ የሚያስቀራቸው ይኸ ይመስለኛል። አንቀጹን በቃላቸው ይወጡታል። የሥራ ፕሮግራሙን ግን ለፕላኒንግ ክፍል፣ ልኬቱን ለኳንቲቲ ሰርቬየሩ ይተዉታል። ከዚያ ክሌም ሲጽፉ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል። መዘግየቱ ወሳኙ የሥራ ሰንሰለት ላይ፣ ማለትም የፕሮጀክቱን ማለቂያ የሚወስኑት ተከታታይ ሥራዎች ላይ፣ ካልወደቀ የማጠናቀቂያ ቀኑን አይገፋም። ስለዚህ አንድ ሥራ 40 ቀን ዘገየ ማለት ፕሮጀክቱ 40 ቀን ዘገየ ማለት አይደለም። ጊዜ ማግኘት ማለትም ሁልጊዜ ገንዘብ ማግኘት ማለት አይደለም። ለከፋ አየር ጠባይ፣ በ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ፣ ተጨማሪ ጊዜ እንጂ ተጨማሪ ወጪ አይሰጥም። ፕሪማቬራን፣ የሥራ ፕሮግራም የሚወጣበትን ሶፍትዌር፣ እንደ ፕላነር መሥራት አይጠበቅብዎትም፤ አንብቦ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

በአንድ ወገን ብቻ መቆየትና ሰርተፍኬት መሰብሰብ

ዕድሜውን ሙሉ በኮንትራክተር በኩል የሠራ ሰው አሠሪውን ሁሉ ከፋይ ያልሆነ አድርጎ ያያል። በአሠሪ በኩል ብቻ የቆየው ደግሞ ክሌም ሁሉ ዝርፊያ ይመስለዋል። ዕድሉ ሲገኝ ወገን ይቀይሩ፣ ደመወዙ እኩል ቢሆንም። ወደ ኮንትራት ማናጀርነት፣ ከዚያም ወደ ክሌም አማካሪነትና ወደ ግልግል የሚያሻግረው ሁለቱንም ጠረጴዛ ማወቅ ነው።

ሰርተፍኬት አልጠላም። እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተው የብሪታንያው የግልግል ዳኞች ተቋም የሚሰጠው ሥልጠና ለክርክር ወገን ጥሩ ነው። ፊዲክም የራሱ የምስክር ወረቀት አለው። ግን ሁለት ሦስት ዓመት ደብዳቤ ሳይጽፉ መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። አንቀጹ የሚገባው አንድ ጊዜ ካስጨነቀ በኋላ ነው።

ሲቪ ላይም “ውል አስተዳድሬአለሁ” ብሎ ማለፍ አይበቃም። በየትኛው ቅጽ፣ በየትኛው ወገን፣ ስንት የለውጥ ትዕዛዝ፣ ስንት ክሌም አዘጋጅተው ወይም መርምረው፣ ውጤቱስ? ይህን ይጻፉ። የድሮ መሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤዎች ግን በፍላሽ ይዘው ወጥተው እንደ ናሙና አያሳዩ። ጠያቂው ቢያደንቅዎ እንኳ ነገ የእሱንም ፋይል እንደዚሁ ይዘው እንደሚወጡ ያስባል።