መብራት ሲጠፋ ስለ ድንጋይ ከሰል የምንስታቸው ነገሮች

አራት ኪሎ፣ ከሥራ መልስ የማልቀርባት አንዲት ጀበና ቡና አለች። ባለፈው መብራት ድርግም አለ። ጎን ያለው ካፌ የማኪያቶ ማሽኑ ቀጥ አለ። የእኛ ጀበና ግን ከሰሉ ላይ መንተክተኳን ቀጠለች። "ድንጋይ ከሰል ሞልቶን ጨለማ ውስጥ!" አለ አንዱ። ክርክሩ ጦፈ። እኔም ድሮ የምስታቸው ነገሮች ሁሉ ተነሱ።

ከሰልና ድንጋይ ከሰልን አንድ ማድረግ። ጀበናው ስር ያለው እንጨት ታፍኖ የከሰለ ነው። ድንጋይ ከሰል ግን ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተቀበረ እፅዋት ነው፤ ተቆፍሮ ይወጣል። ስማቸው እንጂ ሥራቸው አይገናኝም።

"ያመረተ አገር በእሱ ያበራል" ማለት። እኛ ጋ ያዮ፣ ደልቢና ጭልጋ ክምችት እንዳለ የታወቀ ነው። የሚወጣው ግን በዋናነት የሚነደው ሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ነው። ለዓመታት በዶላር ከደቡብ አፍሪካ ስናስመጣ ስለነበር፣ የአገር ውስጡ የሚያድነው ምንዛሪ ነው። ቀላል ነገር አይደለም። ሶኬታችን ውስጥ ያለው ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው።

ሞዛምቢክን እዩ። ቴቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሞአቲዜ ላይ ድንጋይ ከሰል ቆፍራ ወደ ውጭ ትልካለች። እዚያው ክፍለ ሀገር 2,075 ሜጋዋት ያለው የካሆራ ባሳ ግድብ አለ። የራሷን መብራት በብዛት የምታገኘው ከውሃ ነው። ጃፓን ደግሞ ተቃራኒው ናት፤ የራሷ የለም ማለት ይቻላል፣ በመርከብ እያስመጣች ታነዳለች።

የሚበላውን መጠን አለማስላት። እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። በተለመደ ማመንጫ 1 ኪሎ ጥሩ ድንጋይ ከሰል 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሙቀቱ ውሃ አፍልቶ፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ከሙቀቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ግን በጭስና በማቀዝቀዣ ይባክናል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 1.75 ኪሎ መሆኑ ነው። እሺ፣ ይህስ ይቻላል። 1,000 ሜጋዋት ማመንጫ ቀኑን ሙሉ በሙሉ አቅሙ ቢሠራስ? 12,000 ቶን። ባለ 40 ቶን መኪና 300 ጊዜ ይመላለስ ማለት ነው፣ በየቀኑ! አመድ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ደቡብ አፍሪካ አብዛኞቹን ማመንጫዎቿን ምፑማላንጋ፣ ማዕድኑ አፍ ላይ የሠራችው ለዚህ ነው።

"ዘመኑ አልፎበታል" ብሎ መዝጋት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1882 ለንደን ላይ ጀምራ፣ የመጨረሻውን ማመንጫ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ዘግታለች። እውነት ነው። ቻይና ግን ዛሬም ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ ታወጣለች፤ ከኤሌክትሪኳም ከግማሽ በላዩ ከዚያው ነው።

"ድንጋይ ከሰል ቢኖር አይቆራረጥም ነበር" ማለት። ደቡብ አፍሪካ ከ80 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኳን ከድንጋይ ከሰል እያገኘች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በፈረቃ ስትጨልም ከረመች። ያረጁ ማመንጫዎቿ እየተበላሹ ስለነበር ነው። ነዳጅ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም።

እኛ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ግድብ እንወቅሳለን። ህዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ነው። ግን ከግድቡ እስከ አራት ኪሎ ስንት ማማ፣ ስንት ማከፋፈያ፣ ስንት ትራንስፎርመር አለ! ከመናደዳችሁ በፊት ከመንገዱ ማዶ እዩ። እዚያ በርቶ እናንተ ጋ ከጠፋ፣ ችግሩ ኃይል ማነሱ ሳይሆን ሰፈራችሁ ያለው መስመር ሊሆን ይችላል። ያን ምሽት ስንጨቃጨቅ ማንም ዞር ብሎ አላየም እንጂ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሕንፃ እስከ ላይኛው ፎቅ ቦግ ብሎ ነበር።