ዳክዬዎቻችሁን ለአውሬ የሚያጋልጡ ስህተቶች

ዳክዬ ለእንቁላል የምትመች ወፍ ናት። እንደ ካኪ ካምቤል ያሉ ዝርያዎች በደንብ ከተያዙ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላላቸው ከዶሮ ይተልቃል፤ ብዙ ጊዜ 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ዝናብም ብርድም ይችላሉ። ችግሩ ራሳቸውን መከላከል አለመቻላቸው ነው። አብዛኞቹ የጓሮ ዳክዬዎች ከፍ ብለው አይበሩም። ሮጠውም አያመልጡም።

ዳክዬ ሲበላ ጥፋቱን ለቀበሮው መስጠት ይቀናናል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ብዙ ሰው ማደሪያ የሚሠራው ዳክዬዎቹ እንዳይወጡ ብሎ ነው። ሌላው እንዳይገባ ብሎ የሚሠራው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

ሲመሽ ራሳቸው ይገባሉ ብሎ መተው

ዶሮ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቆጧን ፈልጋ ትወጣለች። ዳክዬ በአብዛኛው ቆጥ አታውቅም፤ የምትተኛው መሬት ላይ ነው። ጨለመ ብላ ወደ ቤት አትገባም። እንዲያውም ትል ለቀማው ምሽት ላይ ይደራል። ዶሮ አርብተው ወደ ዳክዬ የሚመጡ ሰዎች በብዛት የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

በሰዓቱ የሚዘጋ አውቶማቲክ በር ለዶሮ ግሩም ነው። ለዳክዬ ግን ብቻውን አይታመንም። በሩ ሰዓቱን ጠብቆ ጥርቅም ይላል፤ ዳክዬዎቹ ገና ደጅ ናቸው። ከዚያ በኋላ መግባት ቢፈልጉ እንኳ አይችሉም።

መፍትሔው ልማድ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይጨልም፣ የምሽት መኗቸውን ማደሪያው ውስጥ ስጧቸው። ዳክዬ ልማድ ቶሎ ትይዛለች። ሲነዱ ደግሞ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። እጅ ዘርግቶ ወይም ረጅም ዘንግ ይዞ ከኋላ ቀስ ብሎ መምራት ይበቃል። ማሯሯጥ አያስፈልግም። እግር ይዞ ማንሳት ፈጽሞ አይገባም፤ የዳክዬ እግር በቀላሉ ይጎዳል። ክንፏን ከሰውነቷ ጋር ያዝ አድርጎ፣ ሆዷን ከሥር ደግፎ ማቀፍ ነው።

ከዘጋችሁ በኋላ ቁጠሩ። ሁልጊዜ ቁጠሩ። አንዷ ከጎደለች የሆነ ቁጥቋጦ ሥር እንቁላል ታቅፋ ሊሆን ይችላል። የዳክዬ እንቁላል ለመፈልፈል 28 ቀን ገደማ ይፈልጋል። መስኮቪ የሚባለው ዝርያ እስከ 35 ቀን ይሄዳል። ያን ሁሉ ሌሊት ያቺ ዳክዬ መሬት ላይ አንድ ቦታ ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ አውሬ ቢመጣም ቶሎ አትነሣም። ወይ ከነእንቁላሉ ወደ ውስጥ አዙሯት፣ ወይ እዚያው ባለችበት ዙሪያዋንና ላይዋን በጠንካራ ሽቦ አጥሩላት። ትንሽ ትቆይና ትመለሳለች ብሎ መተኛት ግን አይሆንም።

ጠዋትም ለመክፈት አትቸኩሉ። ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ማለዳ ነው። እስከ ጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ድረስ ማደሪያው ውስጥ ካቆያችኋቸው እንቁላሉን ጭዱ ላይ ታገኙታላችሁ። ጎህ ሲቀድ የሚያደባ አውሬም እስከዚያ ይሄዳል።

የዶሮ ሽቦን ማመን

ያ ቀጭኑ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ውስጥ ያቆያል። ያን ያህል ነው ሥራው። ውሻ ይቦጭቀዋል፣ ቀበሮ ያኝከዋል፣ እንደ ሸለምጥማጥ ያሉት ቀጫጭኖች ደግሞ ሰፋ ባለው ቀዳዳ ሾልከው ይገባሉ። ዳክዬ ሽቦው ተጠግታ ስትተኛ ከውጭ ሆኖ በእጁ የሚጎትታት አውሬም አለ።

ለማደሪያው የሚያስፈልገው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወፈር ያለ ሽቦ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለመቁረጥም እጅ ያደክማል። በጀት ካጠራችሁ ግቢውን በሙሉ ለመሸፈን አትጨነቁ። መጀመሪያ የሚያድሩባትን ትንሽ ቤት አስተማማኝ አድርጉ። ለአንድ ዳክዬ ግማሽ ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል ለማደሪያ ይበቃል።

ሽቦውን በትንንሽ ሚስማር ብቻ አትምቱት፤ ሲገፋ ይነቀላል። በብሎንና በሮንዴላ ወይም በላዩ ጣውላ ደርቦ ማሰር ይሻላል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን አትርሱ። ዳክዬ ሲተነፍስም ሲጠጣም ብዙ እርጥበት ያወጣል፣ ስለዚህ ከፍ ብሎ ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ያ ክፍት ቦታ ግን በዚሁ ሽቦ መሸፈን አለበት።

ከሥር ቆፍሮ የሚገባውስ? ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ መቅበር አንድ መንገድ ነው። እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው። ከግድግዳው ግርጌ ጀምሮ ወደ ውጭ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ሽቦ መሬት ላይ አንጥፉና አፈር ወይም ድንጋይ ጫኑበት። ቆፋሪ አውሬ መቆፈር የሚጀምረው ግድግዳው ሥር ነው። እዚያ ሽቦ ካገኘ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መጀመር አይመጣለትም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሽቦ ስትቆርጡ የወዳደቀውን ቁርጥራጭ አንድ በአንድ ልቀሙ፤ ማግኔት ካላችሁ መሬቱን በማግኔት አስሱት። ዳክዬ የሚያብረቀርቅ ነገር ትውጣለች። ሚስማርና ሽቦ አንጀቷን ይበሳል። ዚንክ የተቀባ ብረት ደግሞ ይመርዛታል። ከአውሬ ለማዳን የተሠራ ቤት በዚህ ቢገድላት በጣም ያሳዝናል።

መቀርቀሪያውም ቀላል ተንጠልጣይ ብቻ ከሆነ በአፍንጫ ተገፍቶ ይከፈታል። ለመክፈት ሁለት እንቅስቃሴ የሚፈልግ አድርጉት።

ኩሬው ያድናቸዋል ብሎ መጽናናት

ሰፊ ሐይቅ ላይ ያለች የዱር ዳክዬ ከየብስ አውሬ ትሸሻለች፤ ካስፈለጋትም ትበራለች። የጓሮ ገንዳ ግን ሐይቅ አይደለም። ቀበሮ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ ውሻ ዘልሎ ይገባል። ሌሊት ውሃ ላይ ማሳደር መፍትሔ አይሆንም።

ቀን ሰላም ነው ብሎ ማሰብ

ቀን በዋናነት የሚመጡት ሁለት ናቸው፤ ከሰማይ ጭልፊት፣ ከመንገድ ውሻ። ለጭልፊቱ ግቢው ትንሽ ከሆነ ከላይ መረብ ዘርጉ። ሰፊ ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ወይም ከሥሩ የሚገቡበት ጠረጴዛ መሰል መጠለያ ይጠቅማል። ጫጩቶች ከሆኑ ግን መረቡ ግዴታ ነው፤ ለቁራም ለድመትም ቀላል ናቸው። ውሻን በተመለከተ፣ የራሳችሁ ውሻ የዋህ ቢሆንም ዳክዬ ሲንጫጫና ሲሮጥ ሲያይ ጠባዩ ሊቀየር ይችላል። ብቻቸውን አትተዉአቸው።

መኖ ደጅ ማሳደር

የተረፈ መኖ አይጥ ይጠራል። አይጥ እንቁላልና ጫጩት ይበላል፤ አይጡን ፍለጋ ደግሞ እባብና ሸለምጥማጥ ይመጣል። ማታ መኖውን አንሡና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ውስጥ መኖ ካሳደራችሁ ውሃም አብሮ ይኑር። ዳክዬ ያለ ውሃ ደረቅ መኖ ስትውጥ ልትታነቅ ትችላለች።

ማን እንደበላ ሳያውቁ መፍረድ

ጉዳት ሲደርስ ከማጽዳታችሁ በፊት እዩ። ፎቶ አንሡ። ምልክቱ ይናገራል። ዳክዬዋ ጭራሽ ከጠፋችና ጥቂት ላባ ብቻ ከቀረ ቀበሮ መጠርጠር ይቻላል። ብዙዎቹ ተገድለው፣ ሳይበሉ፣ እዚህም እዚያም ከተጣሉ ብዙውን ጊዜ ውሻ ነው። ቀን ላይ አንድ ቦታ የተነጨ ላባ ክምር ካለ ጭልፊት ይሆናል። ሽቦው ጥግ ላይ ጭንቅላቷ የሌለ ዳክዬ ከተገኘች በሽቦው መሃል የጎተታት አለ። እንቁላሉ ብቻ፣ ያለ ቅርፊት፣ ድምጥማጡ ከጠፋ እባብን አስቡ። የግቢ ካሜራ ካለ ደግሞ ግምቱ ያበቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭልፊት ከሆነ ግርጌ ሽቦ ማንጠፍ ድካም ብቻ ነው። ውሻ ከሆነ መረብ ምንም አይሠራም።

መርዝ ማስቀመጥን አጥብቄ እቃወማለሁ። መርዝ የሚገድለው የታሰበውን ብቻ አይደለም። የጎረቤት ድመት፣ የተመረዘ አይጥ የምትበላ ጉጉት፣ ራሳቸው ዳክዬዎቹ ሊሞቱ ይችላሉ። አዳኝ ወፎችን መግደል ደግሞ በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው።

ሬሳውን መተውና ጥገናውን ለነገ ማሳደር

አንዴ ምግብ ያገኘ አውሬ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ሌሊት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቢባልም፣ እዚህ ግን ጅቡ አልሄደም። ጥገናው ያን ቀን ሳይጨልም ማለቅ አለበት። ካልሆነ የተረፉትን ያን ሌሊት ሌላ ቦታ፣ ጋራዥም ይሁን መጋዘን፣ ውስጥ አሳድሯቸው። ሬሳውን አንሡ። ለተመላሹ አውሬ ማባበያ ነው፤ የበሰበሰ ሥጋና በላዩ የሚፈላው ትልም ዳክዬን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊይዝ ይችላል።

የተረፉትን መርሳት

ሐዘኑ ቀላል አይደለም። በስም የምትጠሯት፣ ከእጃችሁ የምትበላ ወፍ ነበረች። ልጆች ካሉ እውነቱን በአጭሩ ንገሯቸው፤ «በረረች» አትበሉ፣ ሲጠብቋት ይኖራሉ። በሩን ማን ረሳ በሚል እርስ በርስ መወቃቀስም ቤት ከማቃቃር በቀር አይጠቅምም። መዝጊያ ሰዓት ላይ የሁሉም ስልክ እንዲጮህ ማድረግ ይሻላል።

የተረፉትን አንድ በአንድ አንሥታችሁ ላባቸውን እየገለጣችሁ እዩ። የጥርስ ንክሻ ከላይ ትንሽ መስሎ ውስጡ ጥልቅ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ሟሙቶ ቁስሉ ይታጠብ። የተጎዳችውን ዝንብ በማይደርስበት፣ ሞቅና ጨለም ባለ ጸጥተኛ ቦታ አኑሯትና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ጓደኞቿ ቢታዩዋት ይረጋጋል መንፈሷ።

እንቁላል ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ድንጋጤ ነው፤ አትቆጧቸው፣ መኖም አትቀንሱ። የቀረችው አንዲት ብቻ ከሆነች ጓደኛ ያስፈልጋታል፤ ዳክዬ ብቻዋን አትሆንላትም። ግን ቀዳዳው ከመደፈኑ በፊት ሌላ አትግዙ። አዲስ የመጡትንም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻ አቆይታችሁ ጤናቸውን ተከታተሉ። ወንድ መጨመር ካስፈለገ ለአንድ ወንድ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሴት ይኑር፤ ያለዚያ ሴቶቹን ይጎዳቸዋል። ለእንቁላል ብቻ ከሆነ ወንድ አያስፈልግም።

ሐኪሙ ለቆሰለችው አንቲባዮቲክ ካዘዘ ደግሞ እንቁላሏን ለስንት ቀን እንደማትበሉ ጠይቁትና የምትጥለውን ለይታችሁ አስወግዱ።