እግር ቢችልም ሳንባ ጊዜ ይፈልጋል

ከፍ ያለ ተራራ ሊወጡ የሚዘጋጁ ሰዎችን ሳሠለጥን ከሁሉ በፊት ዓይኔ የሚያርፈው ከቡድኑ ፈጣን በሆነው ሯጭ ላይ ነው። ቀስ የሚለው ሰው ሰውነቱ ከከፍታው ጋር እየተላመደ ይወጣል፤ ጠንካራው ግን እግሩ ስለቻለለት ቀድሞ ይደርስና ማታ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። የአካል ብቃት ከከፍታ ሕመም አያድንም። ጉልበት ቤታችሁ ሆናችሁ ይገነባል፣ መላመድ ግን የሚገኘው ከፍታው ላይ ነው።

ለጉልበቱ ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት፤ ስፖርት ሠርቶ ለማያውቅ ስድስት ወር ይሻላል። አብዛኛው ልምምድ ረጅምና ቀላል ይሁን። እየሄዳችሁ ሳታቋርጡ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ብዙዎች ካላለከለኩ የሠሩ አይመስላቸውም፤ ለሰዓታት የሚያስኬደው ጽናት ግን የሚገነባው በዚህ ዝግ ባለ ሥራ ነው። በሳምንት አንዱን ቀን ለረጅም የዳገት ጉዞ ተዉት፤ ዳገት ከሌለ የሕንጻ ደረጃ ይበቃል። ቦርሳችሁን በ5 ኪሎ ጀምሩና ተራራው ላይ እስከምትሸከሙት ክብደት ድረስ ቀስ በቀስ ጨምሩ።

ቁልቁለቱን አትርሱ። ስትወርዱ የጭን ጡንቻ ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ስለሚሠራ፣ ያልለመደ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለክብደት ውሃ ተሸክማችሁ ውጡና ላይ ስትደርሱ ድፉት፤ ጉልበታችሁ ሲጠነክር ጭነቱን ይዛችሁ ውረዱ። በአንድ እግር ከደረጃ ላይ በጣም ቀስ ብሎ መውረድም ትልቅ ጥቅም አለው።

እስትንፋስ የሚያጠብቡ የልምምድ ጭምብሎችን አልመክርም። መተንፈስን ያከብዳሉ እንጂ የከፍታን አየር አይተኩም። ከዚያ ይልቅ ከጉዞው አንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱና የብረት ክምችታችሁን በደም ምርመራ እዩ፤ ሰውነት ቀይ የደም ሴል የሚሠራው በብረት ነው። ሳትመረመሩ ግን የብረት ክኒን አትጀምሩ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይነሣ።

ከፍታው ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየር ግፊቱ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። 5,500 ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ግማሽ ይሆናል። ሰውነት መጀመሪያ አተነፋፈሱን ያፈጥናል፤ ኩላሊት የደሙን የአሲድ ሚዛን ለማስተካከል ቀናት ይፈልጋል፤ ቀይ የደም ሴል እስኪበዛ ሳምንታት ያልፋሉ። ይህን በወኔ ማሳጠር አይቻልም።

ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታችሁን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት እደሩ። ቀን ከፍ ብላችሁ ሄዳችሁ ለማደር ዝቅ ማለት ይረዳል። 5,895 ሜትር ወደሆነው ኪሊማንጃሮ የምትሄዱ ከሆነ ከአምስት ቀኑ ጉዞ ይልቅ የሰባት ወይም የስምንት ቀኑን ምረጡ። ለቀናቱ የሚወጣው ገንዘብ ከውድ ጫማ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሌሊት ትንፋሽ ቆም እያለ ሲቀጥል አትደንግጡ፤ ከፍታ ላይ የተለመደ ነው። የእንቅልፍ ክኒንና አልኮል ግን ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ይቅሩ። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት መላመድን ያፋጥናል፤ ለመከላከያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለባችሁ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱን ስለወሰዳችሁ ግን አትቸኩሉ።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ያላችሁበት ቆዩ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። አንድ ሰው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያገናኘ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ ካቃተው፣ ከተምታታበት፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይውረድ። ኦክስጅን ካለ ይሰጠው፣ ብቻውን አይላክ። እስኪሻለው ድረስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ያስፈልገው ይሆናል። የታመመው ሰው «ደህና ነኝ» ሊል ስለሚችል፣ ውረድ ሲባል የሚወርድበትን ስምምነት ገና ሳትነሡ ተነጋገሩበት።