«ደህና ነኝ» ብቻ ሲሆን፦ ሐዋሳ ተማሪ ያላቸው ቤተሰቦች የሚሳሳቷቸው ነገሮች

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡ ተማሪዎች ከአራቱም የአገሪቱ ማዕዘን ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ከቤቷ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከጎንደር የመጣው ደግሞ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስልክ አለ፣ ኔትወርክም አብዛኛውን ጊዜ አለ። ሆኖም በየቀኑ እየተደዋወሉ ስለ ልጃቸው ምንም የማያውቁ ወላጆች፣ ስለ ቤቱም ምንም የማይሰማ ልጅ ሞልቷል። የሚከተሉት ስህተቶች የሁለቱም ወገን ናቸው።

ጥያቄው ሁሉ ስለ ሆድና ስለ ውጤት መሆኑ

«በላሽ?» «በላሁ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» «በይ እግዜር ይጠብቅሽ።» አለቀ። ፍቅር የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ግን ልጅቷ የምታወራበት ቀዳዳ የለውም። ዶርም ውስጥ እነማን እንዳሉ፣ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሚያንኮራፋ ጠይቁ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ቀምሰው እንደሆነ ጠይቁ። የቤቱንም ወሬ አትንፈጓት። የጎረቤት ልጅ መታጨቱን፣ ላሟ መውለዷን፣ ከእድር ማን እንደተጣላ፦ እናት «ይሄ ምን ያደርግላታል» ብላ የምትዘለው ወሬ ነው ልጅቷ ከቤት እንዳልወጣች እንዲሰማት የሚያደርገው።

ክፉ ወሬ መደበቅ

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይነገራል። መርዶ የሚነገረው ተማሪ ከሆነ ግን «ፈተናውን ይጨርስ» ይባላል፤ ፈተናው ሲያልቅ «ለእረፍት ሲመጣ» ይሆናል። የአያቱ አርባ ወጥቶ ልጁ በስልክ «እማማስ?» ሲል «ተኝተዋል» የሚል መልስ ይሰጠዋል።

ሐሳቡ ቅን ነው፤ ደብዳቤ ወር በሚፈጅበት ዘመን ብዙም አያስቸግርም ነበር። ዛሬ ግን የሰፈር ልጅ የቀብሩን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። ተማሪው ማታ ስፔስ (የማጥኛ ቦታ) ይዞ ሲያጠና መርዶውን ከስልኩ ላይ ያነበዋል፤ አጠገቡ የሚያውቀው ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ከቤት የሚመጣውን «ሁላችንም ደህና ነን» አያምንም፤ ስልክ በጠራ ቁጥርም ይደነግጣል።

ስለዚህ ይነገረው፤ ግን ብቻውን ሆኖ አይስማ። ሐዋሳ ያለ ዘመድ፣ ወይም በተማሪዎች የሃይማኖት ማኅበሩ (በግቢ ጉባኤው፣ በጀማዓው ወይም በፌሎሺፑ) የሚቀርበው ትልቅ ተማሪ አስቀድሞ ይወቅና ሄዶ ይንገረው። ወዲያው ቤት ይደወልና አብሮ ያልቅስ። ሐዘኑ ፈተና ካስቀረበትም ማስረጃ ይዞ ለትምህርት ክፍሉ ማመልከት ይችላል። ከቤት በሚሸኝበት ዕለት «ምንም ነገር ቢፈጠር አንደብቅህም» ተብሎ ቃል ቢገባለት ደግሞ እንቅልፉን በሰላም ይተኛል።

ተማሪዎችም ከዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደሉም። ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) ሲወጣ ዝም፣ ዲስሚስ (ከትምህርት መባረር) ሲመጣም ዝም። ከዶርም ወጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤት በሚላክለት ብር እየኖረ «ትምህርት ጥሩ ነው» የሚል ልጅ ታሪክ በየግቢው ይወራል። ነገሩ የሚፈነዳው ቤተሰቡ ለምርቃት መኪና ተኮናትሮ ሊመጣ ሲል ነው። እስከዚያው ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ተለይቷል፣ ከቤቱም እየሸሸ ነው፤ ከእሱ የባሰ ብቸኛ በግቢው የለም። ሪአድሚሽን (እንደገና ለመማር መመለስ) የመጠየቅ ዕድል ቢኖረው እንኳ ማመልከቻው ጊዜ አለው፤ ሲደብቅ ያልፈዋል። ወላጅ ግን ከመፍረዱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ በአንድ «ሲ» ሳምንት ሙሉ ላኮረፈ አባት «ተባረርኩ» የሚል ልጅ ከየት ይመጣል?

ብር ልኮ ዝም ማለት

ቴሌብር ሥራውን ይሠራል፤ ብሩ ሲገባ ግን አንድ ጥሪ ይከተለው። ተማሪውም የሚደውለው ብር ሲያልቅበት ብቻ ከሆነ፣ እናቱ ስልኩን የምታነሳው ሰግታ ነው። በነገራችን ላይ ከብር ይልቅ ስንቅ ሰው ያገናኛል። በሶና ዳቦ ቆሎ ያለበት ዶርም እንግዳ አያጣም።

አደራን በስልክ ቁጥር መጨረስ

«ሐዋሳ የአጎትህ ሚስት እህት አለች፤ ሲቸግርህ ደውልላት።» ልጁ አይደውልም። የማያውቁትን ሰው «ቸግሮኛል» ማለት ለማን ይቀላል? የሚሸኘው ሰው አብሮት ከመጣ፣ ከመናኸሪያ መጀመሪያ እዚያ ቤት ይውሰደው፤ ቡና ጠጥተው ይተዋወቁ። የሚሸኝ ከሌለ ሴትየዋ ራሷ ትደውልለት፣ እሑድ ብላ ቀን ቆርጣ ትጥራው። ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሐዋሳ የሚወርድ ዘመድ ካለም ልጁን ሳያይ አይመለስ።

አደራ የተቀበለን ሰው ሰላይ ማድረግ ግን ሌላ ጥፋት ነው። «ከማን ጋር ትሄዳለች? ስንት ሰዓት ትገባለች?» ማለት ከተጀመረ ልጅቷ ያንን ቤት ደግማ አትረግጥም። እኔም ብሆን አልረግጥም።

«ከአገርህ ልጆች አትለይ»

ለመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ምክር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን ልጁን ያጠብበዋል። ሌሊት ሲያመው ክሊኒክ የሚያደርሰው ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ነው፣ ከየትም ይምጣ። በፊቼ ጨምበላላ፣ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ወርዶ ያየ፣ የክፍል ጓደኛው ቤት ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜ የቀመሰ ተማሪ ከተማዋን መልመድ ጀምሯል። ወላጆች፣ «ሂድ፣ ተጋበዝ» በሉት።

ያለ ሰዓቱ መደወል

ቀን ክፍልና ላብ፣ ማታ ላይብረሪ ነው፤ እሱ ከጥናት ሲወጣ እናትና አባት ተኝተዋል። አንድ ቋሚ ሰዓት ተስማሙ። ለቀረው ቀን የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይበቃል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም ይመቻል።

ሕመምን ናፍቆት ነው ብሎ ማለፍ

ናፍቆት ውሎ አድሮ ይቀላል። ምግብ የተወ፣ ቀን ቀን የሚተኛ፣ ክፍል የቀረ፣ ስልክ ማንሳት ያቆመ ልጅ ግን «ይለምደዋል» ተብሎ አይታለፍም። መሞት እንደሚሻለው ከተናገረማ ያኔውኑ ሰው አጠገቡ ይሁን፣ ሐኪምም ይየው። ጠበሉም ዱዓውም ከሐኪም ጋር አይጣላም። ከተማሪዎች ክሊኒክ ወይም ከምክር አገልግሎት ቢሮ መጀመር ይቻላል። ይህን ከሩቅ ሆኖ ለማስደረግ የአንድ ዶርም ጓደኛው ስልክ ቁጥር ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ የሚጠየቀውም ልጁ በገባበት ሳምንት፣ ገና ሁሉም ደህና እያለ ነው።