ስፔን ገጠር በእግር ስትጓዙ ቀለሙን እዩ

ስፔን ውስጥ ተራራና ሸለቆ በእግር ልትሄዱ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድንጋዩንና የጥዱን ግንድ እዩ። ነጭና ቀይ ቀለም የረጅም መንገድ ምልክት ነው፤ ነጭና ቢጫ አጠር ላለው። ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከአንዱ በላይ ከተሰመሩ ቀጥሉ። ከተመሳቀሉ ግን መንገዱ በዚያ አይደለም፣ ተመለሱ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ይሄን ማወቅ በጣም ይጠቅማል።

ካሶርላ ተራሮች ውስጥ ያለውን የቦሮሳ ወንዝ መንገድ ከመረጣችሁ ደግሞ ባትሪ እንዳትረሱ። የእንጨቱን መረማመጃ አልፋችሁ ላይ ስትደርሱ ዓለቱን ሰንጥቀው የሚያልፉ ጨለማ ዋሻዎች አሉ። ውሃው አጠገባችሁ በቦይ ይፈሳል። የስልክ መብራት እጅ ይይዛል፤ ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻላል። ደርሶ መልሱ ከ20 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ጠዋት በጊዜ ውጡ።