የፊንላንድኛ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አልገኝ ሲላችሁ

ፊንላንድ ውስጥ ቋንቋ ለምትማሩ ወገኖች። ከክፍል የሚሰጠኝ ጽሑፍ ውስጥ ብዙው ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አልገኝ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ቅጥያውን እየቆረጥኩ ፈለግሁ፤ መንገድ ላይ ለማለት ከሚጻፈው «ካዱላ» ላይ «ላ»ን ሳነሳ «ካዱ» ይቀራል፣ እሱም የለም። ጉግል ትራንስሌት የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ይሰጣል እንጂ ዋናውን ቃል አያወጣልኝም።

የሠራልኝ የእንግሊዝኛው ዊክሽነሪ (Wiktionary) የተባለው ነፃ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው። «ካዱላ»ን (kadulla) እንዳለ ስትጽፉት ዋናው ቃል «ካቱ» (katu) መሆኑን ያሳያል፤ እሱን ስትጫኑት ሙሉው እርባታ፣ ማለትም ቃሉ ከነቅጥያው የሚይዛቸው ቅርጾች፣ በሰንጠረዥ ይመጣል። ለካ ቅጥያ ሲጨመር ከመሃል ያሉት የ«ክ»፣ «ፕ» እና «ት» ድምፆችም ይለወጣሉ። «ሄልሲንኪ» እንኳ «ውስጥ» ሲጨመርበት «ሄልሲንጊሳ» ይሆናል! ስልካችሁ ላይ የፊንላንድኛ ኪቦርድ ጫኑ፤ ባለሁለት ነጥቦቹ ፊደላት (ä እና ö) በትክክል ካልተጻፉ ፍለጋው ሌላ ቃል ሊያመጣ ይችላል። አሁን ደብተሬ ላይ ዋናውን ቃልና የተለወጠውን ቅርጽ ጎን ለጎን ነው የምጽፈው።